የጅብ ጥላን ማን መዘገበው?

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ሐምሌ፣ በአንድ የቁጠባ ቀናችን ነው። ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ አንዲት እህታችን በጥቁር ፌስታል ቋጥራ ያመጣችውን ነጫጭ እንጉዳይ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ከለቡ ወዲያ፣ ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ፣ ባሕር ዛፍ ሥር የለቀመችው ነው። «እኛ ጭድ እየቀቀልን፣ ከረጢት እየሞላን፣ ለአንድ ኪሎ ስንት ቀን እንለፋለን፤ እግዜር በነጻ ያበቀለውን ለምን አንሸጠውም?» አለች። በዚያ ወር ከእንጉዳይ ማሳደጊያ ቤታችን ብዙ ከረጢት አረንጓዴ ሻጋታ መትቶት ስለጣልነው፣ ሐሳቧ ለብዙዎቻችን የሚጥም ነበር።

በዕድሜ ትልቋ እናታችን ግን ፌስታሉን ቀና ብለው እንኳ በደንብ ሳያዩት «የጅብ ጥላ ነው፤ ጣይው» አሉ። ሌላዋ አባላችን ደግሞ የጎረቤቷ ልጅ ከሜዳ ለቅሞ የበላው እንጉዳይ ሦስት ሌሊት ሐኪም ቤት እንዳሳደረው አወራች። ቤቱ ጸጥ አለ። ሰብሳቢያችን «የትኛው ይበላል፣ የትኛው አይበላም ብሎ የጻፈልን ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። የመለሰ አልነበረም። ስለዚህ ጉባኤው ከመካከላችን ሦስታችንን መድቦ «ሂዱና አጣርታችሁ ኑ» አለን። አንዷ ሂሳብ ያዥ፣ አንዷ በማታ ባዮሎጂ የምትማር፣ አንዷም ማሳደጊያ ቤቱን የምትጠብቅ ነን። ይህ ጽሑፍ ያገኘነውን ለሁላችሁም፣ ለአባላትም ለአጋሮቻችንም፣ የምናካፍልበት ነው። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. ብለን ጽፈናል።

ስሙ ራሱ ምክር ነው

በአማርኛችን «እንጉዳይ» የሚለው ቃል አለ። ብዙዎቻችን ከልጅነት የምናውቀው ግን «የጅብ ጥላ» የሚለውን ነው። ስሙ ራሱ ምክር ነው፤ የጅብ የሆነውን ሰው አይነካም ማለት ነው። ደጋ ያደግን ሰዎች እናቶቻችን ያወረሱን ይህንን ጥንቃቄ ነው፤ ብዙ ሕይወትም ያተረፈ ይመስለናል።

አገራችን ግን ደጋ ብቻ አይደለችም። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ የሚኖሩ ወገኖቻችን እንጉዳይን ለይተው ያውቃሉ፣ ይበላሉ፣ በየስሙ ይጠሩታል። ቱኖ የተባለች ጃፓናዊት ተመራማሪ የማጃንግር ሕዝብ እንጉዳይን እንዴት እንደሚጠቀም በ2001 አጭር ጽሑፍ አሳትማለች። በ2020 ደግሞ ረድኤት ሲቶታው፣ ኤርምያስ ሉልቀልና ዳዊት አባተ በቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ አሶሳ ዞን፣ መንጌ ወረዳ ሕዝቡ ለምግብና ለመድኃኒት የሚጠቀምባቸውን እንጉዳዮች መዝግበው አውጥተዋል። ከማኅበራችን አባላት አንዷ ከዚያ አካባቢ የመጣች ናት። ይህንን ስናነብላት ሳቀችና «እኛ ስንበላው የኖርነውን አሁን ገና አወቁት?» አለችን። እኛም አብረን የምንቆጥብ እህትማማቾች ሆነን ይህን እውቀቷን አንድ ቀን እንኳ ሳንጠይቃት መኖራችን አሳፈረን።

በምዕራቡ በጣም ከሚወደዱት መካከል ኩይሳ ላይ የሚበቅለው ይገኝበታል። ሳይንሱ ተርሚቶማይስስ ይለዋል። ነገሩ የሚያስገርም ነው። ምስጡ ያላመጠውን ቅጠልና እንጨት በኩይሳው ውስጥ እንደ ማሳ ያነጥፍና ፈንገሱን ያሳድግበታል፤ ፈንገሱም እንጨቱን አልሞ ለምስጡ ቀለብ ያደርግለታል። ዝናብ ሲመጣ እንጉዳዩ አፈር ሰንጥቆ ይወጣል። ምስጥና ፈንገስ አንዱ ያለ ሌላው አይኖርም። ስለዚህ ኩይሳው በትራክተር ሲደለደል እንጉዳዩም አብሮ ይጠፋል። እኛ ኦይስተር የተባለውን እንጉዳይ እንደምናሳድገው በከረጢት እንተካው ብንል አይሆንም።

ደጋውም ቢሆን ባዶ አልነበረም። ዳዊት አባተ በ1999 ባወጡት ጽሑፍ የሜዳ እንጉዳይ የሚባለው፣ በአውሮፓ ገበያ የሚታወቀው አጋሪከስ ካምፔስትሪስ፣ በኢትዮጵያ ደጋማ አገር እንደሚገኝ ጽፈዋል። ይህንን ስንነግራቸው ትልቋ እናታችን ዝም ብለው ቆዩና ላፍቶና መካኒሳ የከብት መዋያ ሜዳ በነበሩበት ዘመን፣ ከሰኔ ዝናብ በኋላ፣ ሣሩ ውስጥ ክብ ሠርቶ የሚወጣ ነጭ ነገር እንደነበር አስታወሱ። እረኞች በእግራቸው እየመቱ ይጫወቱበት ነበር። ያ ይሁን ሌላ፣ ዛሬ ማረጋገጥ አንችልም። ሜዳው ኮንዶሚኒየም፣ አስፋልትና ጋራዥ ሆኗል፤ ሳይመዘገብ የጠፋ ነገር ደግሞ መጥፋቱ እንኳ አይታወቅም።

በማድ ቤታችን የነበረው ፈንገስ

ፈንገስ ሲባል እንጉዳይ ብቻ ይመስለን ነበር። እንጉዳይ ግን ፍሬው ነው። አካሉ በአፈር ወይም በእንጨት ውስጥ የተሠራጨ፣ ከጥጥ የቀጠነ ድር ነው። የእንጀራ ሻጋታም ፈንገስ ነው፤ በጠላው፣ በጠጁ፣ በሊጡም ውስጥ የሚሠራው እርሾ ፈንገስ ነው። ሳይንቲስቶች ፈንገሶችን ለረጅም ዘመን ከእፅዋት ጋር ሲቆጥሯቸው ኖረው፣ ዊታከር የተባለ አሜሪካዊ በ1969 ባቀረበው አመዳደብ ራሳቸውን የቻሉ፣ ከእፅዋትም ከእንስሳትም የተለዩ መሆናቸው እየታመነ መጣ።

በአገራችን ይህንን የማድ ቤት ፈንገስ በሳይንስ ዓይን ካዩት ቀዳሚዎች መካከል አር. ቢ. ስቴዋርትና አስናቀ ጌታቸው ናቸው። በ1962 ስለ እንጀራ ባሕርይ ባሳተሙት ጥናት፣ ሊጡን የሚያቦካው ዋናው እርሾ ካንዲዳ ጊሌርሞንዲ የተባለው ነው ብለው ጻፉ። በ1985 ደግሞ ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ በጤፍ ሊጥ ውስጥ እርሾ ብቻውን እንደማይሠራ፣ ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎችም ተራ እየጠበቁ እንደሚገቡ አሳዩ።

እኛ ይህንን ስናነብ በመጀመሪያ ኩራት፣ ቀጥሎ ቅር መሰኘት ተሰማን። እርሾ ከጎረቤት የምንበደረው፣ ስንጋባ ከእናታችን ቤት ይዘን የምንወጣው፣ ቤት ስንቀይር በጣሳ የምናሻግረው ነገር ነው። አንዱን እርሾ ከሌላው የምትለይ፣ «ይህ ይኮመጥጣል፣ ያኛው ዓይን ያወጣል» የምትል ሴት በየቤቱ ነበረች። ይህ መጠበቅና መምረጥ ነው፤ በዛሬ ቋንቋ ብዝኀ ሕይወትን መንከባከብ ይባላል። ያቆዩት ሴቶች ስም ግን በየትኛውም መዝገብ የለም።

በጠላትነት የተጀመረ መዝገብ

ታዲያ መዝገቡ እንዴት ተጀመረ? ካገኘናቸው ቀደምት ሥራዎች ዋነኛው የጣሊያኖቹ የካስቴላኒና የቺፈሪ መጽሐፍ ነው። በ1937፣ አገራችን በወረራ ሥር ሳለች፣ በፍሎረንስ ታተመ። በምሥራቅ አፍሪካ ግዛታቸው የሚገኙ ፈንገሶች ዝርዝር ሲሆን ያሳተመውም የቅኝ ግዛት ግብርና ተቋማቸው ነው። ተጨማሪውን በ1950 አወጡ። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ሊያርሱት የፈለጉትን መሬት ምን ዓይነት የሰብል በሽታ እንዳለበት ለማወቅ ነው። እንዲያም ሆኖ በዚያ ዘመን የተጻፈው ዝርዝር ዛሬም የእኛ ተመራማሪዎች የሚነሡበት ነው። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ የወራሪ መዝገብ ለተወራሪው ልጆች ይጠቅማል።

ቀጥሎ ይኸው ስቴዋርት ከዳኛቸው ይርጉ ጋር በ1967 በኢትዮጵያ የሚገኙ የእፅዋት በሽታዎችን ማውጫ አወጡ። በደብረ ዘይት የግብርና ሙከራ ጣቢያ በኩል የታተመ ነው። እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ መዝገቦች ፈንገስ የሚታየው በአብዛኛው እንደ ጠላት ነው፤ ስንዴ የሚያጠፋ፣ ቡና የሚያደርቅ፣ ጎተራ የሚያሻግት። ይህን አንነቅፍም። ረሃብ በሚያውቅ አገር መጀመሪያ የሚጻፈው የሚጎዳው ነገር ነው።

ሁለት ምሳሌ እንጥቀስ። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ገባ። ያልበሰለውን ፍሬ አጥቁሮ የሚያደርቅ ፈንገስ ነው። ብዙ ገበሬ ማሳውን ባዶ ሲያይ፣ የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒት ፍለጋ የሄዱት ወደ ጫካ ነው። በደቡብ ምዕራብ ደኖች ካለው የቡና ዓይነት ብዛት የተነሣ፣ በሽታው አጠገባቸው ሆኖ የማይነካቸው ዛፎች ተገኙ። ዛሬ ገበሬዎች 74110፣ 74112 እያሉ በቁጥር የሚጠሯቸው ዝርያዎች ከዚያ የተመረጡ ናቸው፤ 74 ማለት የተመረጡበት 1974 ነው። ደኑ ቀድሞ ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ የሚመረጥም አይኖርም ነበር።

በዚያው የቡና ደን ሌላም ነገር አለ። የቡና ቅጠል ዋግ የሚባለው ፈንገስ በ1869 ሲሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ ታውቆ የዚያን አገር የቡና እርሻ ያወደመ ነው። በአገራችን ደኖች ግን ዋጉን የሚበላ ሌላ ፈንገስ አብሮት ይኖራል፤ በቅጠሉ ጀርባ ያለውን ብርቱካንማ ዱቄት ነጭ ሆኖ ይሸፍነዋል። የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ይህንን የፈንገስ ለፈንገስ ትግል በደቡብ ምዕራብ ሲከታተሉት ቆይተዋል። ፈንገስን ሁሉ በአንድ ላይ ጠላት ማለት ጠባቂህንም አብረህ ማባረር እንደሆነ ያኔ ገባን።

ነፋስና ስልክ

ሁለተኛው ምሳሌ የስንዴ ዋግ ነው። በ2010 ቢጫ ዋግ፣ በ2013 እና 2014 ደግሞ የግንድ ዋግ አርሲንና ባሌን መታ። የግንድ ዋጉ የመጣው ገበሬው በሰፊው በዘራው ዲገሉ በተባለው ዝርያ ላይ ነበር። ብዙ ማሳ በአንድ ዓይነት ስንዴ ሲሸፈን፣ እሱን የሚያሸንፍ አንድ ዓይነት ዋግ ከመጣ የሚያቆመው የለም።

ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከዓለም አቀፉ የስንዴና በቆሎ ማዕከል፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከእንግሊዝ የሚቲዎሮሎጂ ተቋም ጋር ሆኖ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጋ። ባለሙያዎች ማሳ ላይ ወርደው ዋጉን ያያሉ፣ ናሙናው በአምቦ ቤተ ሙከራ ዘሩ ይለያል። የዋጉ ብናኝ በነፋስ የት እንደሚደርስ በኮምፒውተር ይሰላል፤ ምክሩም በስልክ መልእክት ለግብርና ሠራተኞችና ለገበሬዎች ይላካል። አሠራሩ በ2019 በሳይንስ መጽሔት ወጥቷል።

ይህንን በስብሰባችን ስናቀርብ አንዷ «ታዲያ ይኼ እኮ የእኛ ሰፈር ነው!» ብላ አሳቀችን። እውነቷን ነው። ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ሽቦ ሳይኖረው መልእክት በአየር ከሚያመላልሰው ስልክ ነው። ላፍቶ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ የግራር ዛፍ ስም ነው። ግራሩ አብዛኛው የለም፣ ስሙ ግን ቀርቷል።

ለእኛ ትምህርት የሆነን ግን ሌላ ነው። በሽታን በየዓመቱ መከታተል ከተቻለ፣ ናሙና መውሰድ፣ ቦታና ቀን መጻፍ፣ ለውጡን ማወዳደር ከተቻለ፣ የሚጠቅመውንና የሚጠፋውን ፈንገስም በዚሁ መንገድ መከታተል ይቻላል። የጎደለው ትኩረት ነው።

ወደ ደን የተመለሰ ዓይን

ትኩረቱ በቅርብ ዘመን መምጣት ጀምሯል። በ2003 ተስፋዬ ውበትና ባልደረቦቹ በደረቅ ደጋ ደኖቻችን የሚገኙ አገር በቀል ዛፎች ሥር ከጥቃቅን ፈንገሶች ጋር ተጣምሮ እንደሚኖር አሳዩ። ፈንገሱ ውኃና ማዕድን ከአፈር ያመጣል፣ ዛፉ በምላሹ ስኳር ይሰጠዋል። በየክረምቱ ችግኝ የምንተክል ሴቶች ይህንን ማወቅ ይገባናል። ከሥሩ የተላቀቀ የሞተ አፈር ላይ የተተከለ ጽድ ብቻውን ነው፤ አሮጌ ዛፍ ባለበት አፈር ላይ የተተከለው ግን ጓደኛ አለው።

በ2005 ደግሞ ኮኒ ዴኮክ፣ አዳነ ቢተውና ካስቲዮ ከኢትዮጵያ ደጋ ደን ያገኟቸውን፣ እስከዚያ በሳይንስ የማይታወቁ ሁለት ፈንገሶች ገለጹ። ሁለቱም በግንድ ላይ የሚኖሩ ጠንካራ ፈንገሶች ናቸው። አንደኛው ፎሚቲፖሪያ ኢትዮፒካ ተባለ። የአገራችንን ስም የያዘ ፍጥረት በጫካችን መኖሩን ከእኛ ስንቶቻችን ሰምተናል?

ቀጥሎ ታጠቅ ደጀኔ ከስፔኑ የቫያዶሊድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር በ2017 ተከታታይ ጥናቶች አወጣ። በወንዶ ገነት አካባቢ ባሉ የፓቱላና የባሕር ዛፍ ተክሎች፣ እንዲሁም እሳት በነካው የተፈጥሮ ደን ውስጥ ምን ዓይነት እንጉዳይ እንደሚወጣ፣ ደኑ ዕድሜው ሲጨምር እንዴት እንደሚለዋወጥ ተከታተሉ። ደመላሽ ዓለምም በ2021 ከእነሱ ጋር ሆኖ የሰሜኑን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ፈንገሶች አጥንቷል። በዙሪያው ሁሉ ሲታረስ ደብሩ የጠበቀው ጥቂት ዛፍ ለፈንገሱም መሸሸጊያ ሆኗል።

አሠራሩ ከምናስበው ይልቅ ወደ እኛ የቀረበ ነው። ደኑ ውስጥ 2 ሜትር ስፋትና 50 ሜትር ርዝመት ያለው ቦታ ይለካል። በክረምት በየሳምንቱ እየተመላለሱ የወጣውን እንጉዳይ ሁሉ ይለቅማሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ይመዝናሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ አድርቀው ያስቀምጣሉ። ከአፈሩም ትንሽ ይወስዱና በቤተ ሙከራ ዘረ መሉን አንብበው፣ በዚያ ዓመት ፍሬ ያላወጣውን ሳይቀር ያውቃሉ። ከመጨረሻው በስተቀር ትዕግሥትና ደብተር ያላት ሴት የማትችለው ነገር የለበትም።

የዓለሙ ሚዛን

ለምን ይህን ያህል ያሳስባል ለምትሉ፣ የዓለሙን ሁኔታ በአጭሩ እናስቀምጥ። በለንደን የሚገኘው ኪው የእፅዋት ማዕከል በ2023 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ 2.5 ሚሊዮን ያህል የፈንገስ ዝርያ እንዳለ ይገመታል፤ ስም የተሰጠው 155,000 ያህል ብቻ ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ ገና ስም የለውም ማለት ነው። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በመጋቢት 2025 እንዳስታወቀው፣ በቀይ መዝገቡ የተገመገሙት ፈንገሶች 1,300 ደርሰዋል፤ ከነዚህ ቢያንስ 411 የመጥፋት አደጋ አለባቸው። 279ኙን የሚያሰጋቸው የእርሻና የከተማ መስፋፋት ሲሆን፣ 198ቱን የደን መጨፍጨፍ ነው። ሁለቱንም ከደጃፋችን ሆነን እናያቸዋለን።

አገራችን በዕፅዋት በኩል ታላቅ ሥራ ሠርታለች። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጻሕፍት ሥራ በ1980 ተጀምሮ በ2009 ሲፈጸም ስድስት ሺህ ያህል የዕፅዋት ዝርያ ተገልጾ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም የዚህ ሥራ ቤት ነው። ፈንገሶች ግን ዕፅዋት አይደሉምና በነዚያ መጻሕፍት ውስጥ የሉም።

በ1976 የዕፅዋት ዘር ማዕከል ሆኖ የተቋቋመው የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ግን ጥቃቅን ሕዋሳትንም በኃላፊነቱ ይዟል። ሌላም መብት አለን። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ዓ.ም. የማኅበረሰብ እውቀት ባለቤት እንዳለው ይደነግጋል፤ ማንም ሰው ፈቃድ ሳያገኝ፣ ከሚገኘው ጥቅም ሳያካፍል ይዞት አይሄድም። የእናቶቻችን እርሾና የመንጌዋ እህታችን እንጉዳይ ተረት ብቻ አይደሉም፣ በሕግ የታወቁ ሀብት ናቸው።

የወሰንነውና ያልተስማማንበት

ይህንን ሁሉ ለጉባኤው ካቀረብን በኋላ ወደ ፌስታሉ ጥያቄ ተመለስን። የሐኪሞችና የእንጉዳይ ባለሙያዎችን ምክር አንብበናልና ያገኘነውን አስቀድመን እንናገር። መርዛማውን ከሚበላው የሚለይ የቤት ዘዴ የለም። ብር ወይም ነጭ ሽንኩርት አብሮ ሲቀቀል ይጠቁራል የሚባለው እውነት አይደለም። ትል በልቶታልና ሰውንም አይጎዳም ማለት አይቻልም። ገዳይ የሆኑት እንጉዳዮች መርዝ በመቀቀል አይጠፋም። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ6 ሰዓት በኋላ ነው የሚጀምረው፤ ትውከትና ተቅማጡ ጋብ ብሎ የዳኑ ሲመስል ጉበት እየተጎዳ ይቀጥላል። ስለዚህ የዱር እንጉዳይ በልቶ የታመመ ሰው፣ ተሻለኝ ቢልም፣ ከተቻለ ከበላው የተረፈውን ይዞ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

በዚህ ምክንያት ማኅበራችን የዱር እንጉዳይ ለቅሞ እንዳይሸጥ ወሰንን። ውሳኔው ለሁሉም ደስ የሚል አልነበረም። ፌስታሉን ያመጣችው እህታችን ለመስከረም የልጆቿን ዩኒፎርም በዚያ ገንዘብ አስባ ነበር። «የመንጌ ሰው ሲበላው እውቀት፣ እኔ ስለቅመው ሞት ይሆናል?» ብላ ተቆጣች። ጥያቄዋ ቀላል አይደለም። የመለስንላት የመንጌ ሰው የሚያውቀው የመንጌን እንጉዳይ ነው፣ በትውልድ የተፈተነ ነው፤ የፉሪን ባሕር ዛፍ ሥር ግን እኛ ገና አልፈተንነውም ብለን ነው። ባሕር ዛፍ ራሱ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው፤ ሥሩ የሚበቅለውን ሁሉ አያቶቻችን ሊያውቁት አይችሉም። ሁለት ሳምንት ቁጠባ ቀረች፣ በሦስተኛው መጣች። ዛሬም ትከራከረናለች። ለዩኒፎርሙ ከማኅበሩ ተዘዋዋሪ ብድር አውጥታለች።

በማሳደጊያ ቤታችን የምናሳድገው ኦይስተር እንጉዳይ ግን ይቀጥላል። ዘሩ ማሽላ ላይ ተዘጋጅቶ የሚመጣ፣ ማንነቱ የታወቀ ነው። አረንጓዴው ሻጋታ ለምን እንደመታንም አሁን ገብቶናል። በነዳጅ ለመቆጠብ ብለን ጭዱን በቂ ሰዓት አላፈላነውም ነበር። ሻጋታውም እኮ ፈንገስ ነው፤ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ቀድሞ ገባ። ስናጭድም አፍና አፍንጫችንን መሸፈን ጀምረናል፤ ብናኙ የሚያስለን እንደነበር ከዚህ በፊት ለብርድ ነበር የምንሰጠው።

ከዚህ ሌላ አንድ ደብተር ከፍተናል። ደንቡ ቀላል ነው። እንጉዳይ ያየች አባል አትበላውም፣ ሁሉንም አትነቅለውም። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር ወይም በምን እንጨት ላይ እንደሆነ ትጽፋለች። ከላይም ከታችም ፎቶ ታነሣለች። አንዱን ቆብ ከአገዳው ቆርጣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ሌሊቱን በሳህን ደፍታ ታሳድረዋለች። ጠዋት የሚገኘው የብናኙ ቀለም ለመለየት ከሚረዱት አንዱ ነው። ከዚያ እጇን ትታጠባለች። ትልልቅ እናቶቻችን ከየመጡበት አገር የሚያውቁትን ስም ሲነግሩን፣ ሲፈቅዱልን ብቻ ከነተናጋሪዋ ስም እንጽፋለን፤ ደብተሩም ከማኅበሩ ካዝና አይወጣም። ለተመራማሪ የምናሳየው ጉባኤው ሲፈቅድ ነው። በግቢያችን ጥግ የነበረውን የበሰበሰ የግራር ግንድም ለማገዶ እንዳይፈለጥ ወስነናል።

አጋሮቻችን ከዚህ ምን ወጪ አለው ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እስካሁን ያወጣነው የደብተርና የወረቀት ዋጋ ነው። ወደፊት የምንፈልገው ገንዘብ ሳይሆን በዓመት አንድ ቀን መጥቶ ፎቶዎቻችንን አብሮን የሚያይ ባለሙያ ነው።

እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ ደብተሩ ላይ ሃያ ሦስት መዝገብ ተጽፏል። አብዛኛው «ስሙ አልታወቀም» ይላል። የመጀመሪያው ገጽ የተጻፈው በትልቋ እናታችን ቃል ነው፤ ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ ያጻፉት የልጅ ልጃቸውን ነው። «ላፍቶ፣ ድሮ ሜዳው ላይ፣ በሰኔ፣ ነጭ፣ ክብ ሠርቶ። አሁን የለም» ይላል። ፎቶ የለውም። እሱንም ቁጥር ሰጥተን ከሌሎቹ ጋር አስቀምጠነዋል።